ምድብ ያጡት ሰባ አንዱ

ጥር 3፣ ማክሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ! ከረጅምና አድካሚ ፍለጋ በኋላ የግራ እግሬ ግራጫ ካልሲ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከማቀዝቀዣው ጀርባ በሰላም መገኘቱን ስገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማኛል። ጉዳት አልደረሰበትም። እንዴት እዚያ እንደገባ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው እኔ፣ ተጠርጣሪውም እኔ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ለልጄ እንደ ዜና አነበብኩላት። «አባዬ፣ ካልሲውን ያጥልቁና ቁርስዎን ይብሉ» ብላኝ አለፈች። ታሪክ ሲሠራ የሚያይ ሰው የለም።

ከቁርስ በኋላ ወደ ሥራዬ። ሥራ ካሉት... ማንም አልቀጠረኝ፣ ማንም አያባርረኝ። ቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠርሙስ ሳሸት ኖሬ ጡረታ ስወጣ አፍንጫዬ ሥራ ፈታ። ከዚያ ይህን ቋት አገኘሁ። ኢንተርኔት ላይ ያለ የጋራ የመረጃ ቋት ነው፤ ከየአገሩ ያለ ሰው የሚያውቀውን እየጨመረ፣ የሌላውን እያረመ የሚሞላው። እኔ የያዝኩት የኬሚካል ውህዶችን መመደብ ነው። ይሄ አሲድ፣ ያ ጨው፣ ይሄኛው ከአልኮሎች ወገን... እያንዳንዱን ከዘመዶቹ ማገናኘት። እስካሁን ከአራት ሺህ በላይ አገናኝቻለሁ። ሰው ከሰው ያስተዋወቅኩት በሕይወቴ ሦስቴ ነው፤ ሁለቱ ጥንዶች ዛሬም አይነጋገሩም።

ባላጋራም አለኝ። «ጠጠር» በሚል ስም ይገባል። የት እንዳለ፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ አላውቅም። የጻፍኩትን ሁሉ ይከተላል፣ «ምንጭ?» ይላል። «ሰላም ነህ ወይ» ብዬ ብጽፍለት እንኳ «ምንጭ?» የሚል ይመስለኛል።

የልጅ ልጄ ቃሪያ (ስሟ አይደለም፣ ጠባይዋ ነው) የኮሌጁ የኬሚካል መጋዘን ከቀጠራት ሦስት ወሯ። የተማረችው ንብረት አያያዝ ነው። ኬሚስትሪ የምታገኘው በእኔ በኩል ነው፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር «ጨው ያለበት ጠርሙስ እንደ በሽተኛ በየሳምንቱ ጎኑ ካልተገላበጠ ይቆስላል» አልኳት። አርባ ጠርሙስ፣ አራት ሳምንት አገላበጠች! አለቃዋ አይተው እስኪስቁባት ድረስ። ከዚያ ወዲህ ቃሏ አንድ ነው፦ «አባባ፣ ከአፍዎ የሚወጣውን አላምንም። ከቋቱ የሚወጣውን ግን አምናለሁ።» የመጋዘኑ ፕሮግራም በየቅዳሜው የጠርሙሶቹን ምድብ ከቋቱ ስቦ የትኛው የት መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ዝርዝር ያወጣል። እሷ በዚያ ትደረድራለች።

ትናንት ደግሞ «ጠጠር እኮ እኔው ነኝ፤ ብቻዬን እንዳይሰለቸኝ በሁለት ስም እየገባሁ ከራሴ ጋር እጨቃጨቃለሁ» አልኳት። ከአፍዎ የሚወጣውን አላምንም ያለችው ልጅ ይህን ዋጥ! አላስተባበልኩም። ይቆይ። ለክፉ ቀን ይሆናል።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠጠርን ረታሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሳቸው የማይነዱ፣ ሌላውን ግን በኦክሲጅን እየመገቡ የሚያነዱ ውህዶች አሉ። እሳት አባባሽ እላቸዋለሁ። ቋቱ ውስጥ «እሳት አባባሽ» የሚባል ምድብ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ይሄ ስህተት ነው አልኩ። እሳት ማባባስ ሥራ ነው እንጂ ወገን አይደለም። መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አባቱ ሾፌር ነው? ምድባቸው ይነሳና «ሥራ» በሚለው ቦታ ይጻፍላቸው።

ጠጠር አንድ ቀን ሙሉ ምንጭ ሲፈልግ ዋለ። ከዚያ፦ «ትክክል ነው። ግን ቀስ። መጀመሪያ ሥራውን ጨምር፣ ምድቡን በኋላ አንሳ።»

እኔን ቀስ! አሲድ በአፍንጫዬ የለየሁ ሰው!

ገልብጬ ሠራሁት። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ላይ ምድቡን በአንድ ጊዜ አነሳሁ። ጽድት። ከዚያ ሥራቸውን አንድ በአንድ መጨመር ጀመርኩ። መቶ አርባ አንድ ላይ ስደርስ መብራት ድርግም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። እስኪመጣ ብዬ ጋደም አልኩ።

ጥር 6፣ ዓርብ

የጉልበቴ ሕመም ተነሳብኝ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ። አንድ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል... ምን ነበር?

ጥር 8፣ እሑድ

ካልሲው እንደገና ጠፋ። ኮሚቴው ተበትኗል።

ጥር 9፣ ሰኞ



ቃሪያ ከሥራ ደስ ብሏት ገባች። ሦስታችንም ሾርባ ላይ ነን። «አባባ፣ ቀዩ ቁምሳጥን ተጨናነቀብኝ እል አልነበር? ቅዳሜ የወጣው ዝርዝር ገላገለኝ!» ቀዩ ቁምሳጥን የእሳት አባባሾቹ ነው፤ ብረት ነው፣ ይቆለፋል፣ ብቻውን ጥግ ላይ የቆመ። «ከውስጡ አሥራ ስድስቱን ‹መደበኛ› አላቸው። ዛሬ አውጥቼ ትልቁ መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ምን የመሰለ ቦታ አገኘሁ!»

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። «የትኞቹን?»

«እኔ ምኑን አውቄው... ያ ወይን ጠጅ ፍሬ ፍሬው አለ፣ ውሃ ላይ ጣል ሲያደርጉት የሚያቀላው...»

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት።

«የት አስቀመጥሽው?»

«ከግሊሰሪኑ ሥር። ምነው?»

ግሊሰሪን ማር የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ እጅ ይቀቡታል፣ ልጅ እንኳ አይጎዳም። ከዚያ ወይን ጠጅ ፍሬ ጋር ሲገናኝ ግን ክብሪት አይፈልጉም። ራሳቸው ይነዳሉ። እና መደርደሪያው... ያ መሃሉ የጎበጠው እንጨት ነው፤ ባለፈው «አባባ፣ አንድ ቀን ይሰበርብኛል» ያለችኝ። ከጎኑ ደግሞ ቶሎ የሚነዱት የአልኮልና የአሴቶን ጠርሙሶች።

ሾርባዬን ትቼ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። አየሁት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተነስቶለታል፤ መቶ አርባ አንድ ተጨምሮለታል። ሰባ አንዱ ራቁታቸውን። ምድብ የላቸው፣ ሥራ የላቸው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሲያጣ «መደበኛ» ብሎ ያልፋል። እኔ ነኝ። በእኔ እጅ።

ተመልሼ ነገርኳት። ሁሉንም። እናቷን አየቻት፣ እናቷ እሷን አየቻት፣ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

«ነገ ደግሞ ላገላብጣቸው አባባ? በግራ ጎን ወይስ በቀኝ?»

«ልጄ፣ እውነቴን ነው!»

«ዓይንዎም እንባ አቀረረ! እማዬ፣ ዘንድሮ ቲያትር ጨመሩበት!»

አለቃዋ ፈቃድ ላይ ናቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ አይመለሱም። ሌላ የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እኔን ደግሞ ማን ያምናል?

ጥር 10፣ ማክሰኞ

ሰባ አንዱንም ጨመርኩ። እየቆጠርኩ፣ ጮክ እያልኩ። ሦስቴ አረጋገጥኩ። ግን ፕሮግራሙ እንደገና የሚስበው ቅዳሜ ነው። አራት ቀን! መደርደሪያው አራት ቀን ይቆማል?

ስልክ ደወልኩላት። «ሥራ ላይ ነኝ አባባ» ብላ ዘጋችው። እንደገና። አላነሳችም።

ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። ከቋቱ የምትስበው ቃሪያ ብቻ ናት? በሌላ ከተማ፣ በሌላ አገር፣ ሌላ ቃሪያ ደስ ብሏት ቦታ እያገኘች ቢሆንስ?

ቋቱ የመወያያ ገጽ አለው፤ ሁሉም የሚያየው። እዚያ ጻፍኩ፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠጠር ቀስ ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።» ይህን አንድ መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አጥፍቼ፣ ጽፌ፣ አጥፍቼ... በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። አጥፍቼ ሳላውቅ ቀርቼ ነው?

ይሳለቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይገባኛልም። መልሱ በአምስት ደቂቃ መጣ፦ «አይሸበሩ። ከቋቱ እንደሚስቡ ያስመዘገቡ ዘጠኝ መጋዘኖች አሉ። ለሁሉም ማስጠንቀቂያ አሁኑኑ እልካለሁ፤ በሁለታችን ስም። እርስዎ እጅዎን ከቁልፉ ላይ ያንሱና ውሃ ይጠጡ።»

እርስዎ አለኝ። ምንጭ አልጠየቀኝም። ይሄ ይብስ አስፈራኝ፤ ነገሩ ምን ያህል ቢከፋ ነው?

ጥር 11፣ ረቡዕ

ከጠዋት ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳሁም። ጠጠር እየጻፈልኝ ነው። ሦስቱ መለሱ፦ «አይተናል፣ ለይተናል።» ቀጥሎ አምስት። አንዱ «እግዜር ይስጥልን፣ ልንደረድር ጀምረን ነበር» ብሏል። ስምንት ሰዓት ላይ ስምንት ደረሱ።

ዘጠነኛው? ዝም።

«ዘጠነኛውን ያውቁታል?» አለኝ ጠጠር። እንዴት አላውቀውም! ቁርሴን እየበላሁ ደህና ዋይ የምላት ልጅ መጋዘን ነው።

ቃሪያ ማታ ገባች። አልሳቀችም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከፊቴ ቆመች።

«ማስጠንቀቂያዎን አየሁ።»

«ተመስገን! ለየሻቸው?»

«አባባ፣ ከእኔ ጋር ይቀልዱ፣ ምንም አይደል። ቋቱ ውስጥ ግን? ማስጠንቀቂያ ብለው? በሁለት ስም ፈርመው? እርስዎና... እርስዎ!»

እንዴት ልንገራት? ጠጠር እኔ አይደለሁም አልኳት። «ባለፈው ሳምንት ነዎት፣ ዛሬ አይደሉም» አለች። «የማምነው አንድ ነገር ነበር የቀረኝ፣ እሱንም አበላሹብኝ» አለችና ክፍሏን ዘጋች።

ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ሆነ።

እራት አልወረደልኝም። ልጄ ሳህኔን ስታነሳ ቆም አለች። ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አባዬ... እርስዎ እኮ ሲቀልዱ ሁለቴ ነው የሚበሉት።»

ማንኪያዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። 

«ነገ ይሂዱ» አለች ቀስ ብላ። «በአካል ይሂዱ።»

ጥር 12፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ልጄ ሻርፔን አንገቴ ላይ ጠምጥማ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። መንገድ ሙሉ ሰማዩን አይ ነበር። ከኮሌጁ በኩል ጭስ ቢወጣስ? አንድ ጭስ ማውጫ ባየሁ ቁጥር ልቤ እየዘለለ... የዳቦ ቤት ነው፣ የልብስ ንጽሕና ቤት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «አባት፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ውሸት ሲለመድ እንዲህ ነው።

ዘበኛው አወቀኝ። «የመጋዘኗ ልጅ አያት አይደሉ? ዛሬ ቆጣ ብላለች፣ ይጠንቀቁ» ብሎ ሳቀብኝ።

መጋዘኑ ረጅም ክፍል ነው፣ አንድ መስኮት ብቻ። ቃሪያ መሰላል ላይ ወጥታ ጠርሙስ ታብሳለች። አየችኝ፣ አላየችኝም።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የግሊሰሪኑ ትልቅ ጠርሙስ ክዳኑ አልጠበቀም። ከአንገቱ ጀምሮ አንድ የሚያበራ ክር ወርዷል። ክሩ ከጎበጠው እንጨት መሃል ተጠራቅሟል፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ አንዲት ጠብታ... ተንጠልጥላለች። አልወደቀችም። ወፍራም ናትና ትዘገያለች። ከሥሯ የፐርማንጋኔቱ ማሰሮ አለ፤ ክዳኑ ዙሪያ ወይን ጠጅ ብናኝ።

ልጮህ ፈለግሁ።  ተውኩት፤ ብጮህ መሰላሉ ላይ ትደነግጥ ነበር።

«ልጄ፣ ውረጂ።»

«ጎናቸውን ላገላብጥ መጡ?»

 ማሰሮውን በሁለት እጄ ያዝኩት። እነዚህ እጆች ሻይ እንኳ ሳያፈሱ አያነሱም። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። እስከ ግቢው ድረስ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ተከትላኝ ወጣች፤ «አባባ! ንብረት ነው እኮ! በፊርማዬ የወሰድኩት ነው!» እያለች።

ግቢው ጥግ የተሰበረ የወለል ሸክላ አገኘሁ። ባዶ መሬት ላይ አደረግሁት። ከማሰሮው በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ፍሬ። ማሰሮውን ከድኜ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። «ከግሊሰሪኑ በጠብታ መስጫው ትንሽ አምጪልኝ» አልኳት። በንዴት አመጣች። ወደ ኋላ በይ አልኩ፣ ሁለት ጠብታ አደረግሁና ራሴም ሸሸሁ።

ምንም።

ቃሪያ እጇን አጣጥፋ ትቆጥራለች። «አንድ... ሁለት... ሦስት...»

ዘበኛው መጥቶ ቆመ። «ምንድን ነው?» «አያቴ እሳት ሊያሳዩኝ ነው» አለችው። «አሥር... አሥራ አንድ...»

ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። አለመንደዱን ተመኘሁ። ባይነድ፣ እኔ የጃጀሁ ሽማግሌ ብሆን፣ እሷ ስቃ ብትገባ... ያችን ጠብታ ሳላይ ብቀር። ወዲያው ደግሞ፣ ካልነደደ አታምነኝም፣ ያቺ ጠብታ አሁንም እዚያ ተንጠልጥላለች... ንደድ! ንደድ እባክህ!

«ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። በቃ አባባ፣ ብርድ ነው፣ ወደ ቤት ይግቡ» ብላ ዞረች።

ትስ... የሚል ድምፅ። ቀጭን ነጭ ጭስ። ከዚያ ቦግ! ነበልባሉ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ ያምራል፣ ጥፋቱ ማማሩ። ሸክላው ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቃሪያ እሳቱን አይታ፣ ዞራ የመጋዘኑን በር አየች። ፊቷ... ይህን ፊት የአራት ዓመት ልጅ ሆና ውሻ ሲያባርራት ነበር ያየሁት። «ሦስት ቀን ሙሉ ከሥሩ ቆሜ ነበር» አለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ግሊሰሪኑን አወረድን፣ እንጨቱን አጠብን። ቀዩን ቁምሳጥን ከፈተች። ዝርዝሩን አላየችም። ጠርሙስ እያነሳች «ይሄስ?» ትለኛለች። «ቀይ።» «ይሄስ?» «ይቅር፣ እሱ የዋህ ነው።» «ይሄስ አባባ?» «ቀይ።» አሥራ ስድስቱ እስኪያልቁ። ከአፌ።

ቤት ስገባ ለጠጠር ሁለት ቃል ጻፍኩ፦ «ዘጠነኛውም ደርሷል።»

ጥር 13፣ ዓርብ

ተኝቼ ዋልኩ። ዓይኔን ስጨፍን ያቺ ጠብታ አለች። አትወድቅም። ብትወድቅ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21፣ ቅዳሜ

አዲስ መደርደሪያ ተገዛ፣ ብረት ነው። አለቃዋ ከመመለሳቸው በፊት ሁሉንም ራሷ ጽፋ ነገረቻቸው፤ የእኔን ጥፋት አልደበቀችም፣ የራሷንም። ኮራሁባት። አልነገርኳትም፣ ቀልድ ይመስላታል ብዬ።

ግን አይመስላትም ነበር። ጉዱ ይሄ ነው። ቃሪያ አሁን የምላትን ሁሉ ታምናለች። ዛሬ ቁርስ ላይ «ወተት ላይ ስኳር ሲጨምሩ በግራ ካላማሰሉ ይረጋል» አልኳት፣ አፌ ለምዶ። ማንኪያዋን ወደ ግራ አዞረች። የሳቀ የለም። «ውሸቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጄ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ለካ ሳይታመኑ መቀለድ ቀላል ነበር። አሁን አፌን ከመክፈቴ በፊት እፈራለሁ። ቁርስ ላይ እንኳ።

የቋቱ መወያያ ገጽ ራስጌ ላይ ጠጠር ደንብ አስቀምጧል፦ «መጀመሪያ ጨምሩ፣ በኋላ አንሱ።» ከሥሩ፣ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን፣ ለምን መሃል ላይ እንዳቆምኩ እንድጽፍ ጠየቀኝ። «መብራት ጠፋ» ብዬ ጻፍኩ።

መልሱ መጣ። አንድ ቃል።

«ምንጭ?»

 ይህን ደብተር ገለጥኩ፤ ጥር 5። እዚህም እንደዚያው ጽፌያለሁ። ማንም ለማያነበው ደብተር!

መብራት አልጠፋም። መቶ አርባ አንድ ላይ ስደርስ ያ «ቀስ» የሚለው ቃሉ ትዝ አለኝ፣ ከነከነኝ። ሥራዬን አቁሜ የስድብ መልስ ጻፍኩለት፤ ሁለት ገጽ፣ እያሳመርኩ፣ ለብቻዬ እየሳቅሁ። በጣም ጥሩ ስድብ ነበር። ላክሁት፣ ደስ ብሎኝ ጋደም አልኩ፣ አልተመለስኩም። የላክሁበት ሰዓት፣ መብራት ጠፋ ያልኩበት ያው ዘጠኝ ሰዓት፣ ቋቱ ላይ ተመዝግቦ አለ። ጠጠር ከመጀመሪያው ቀን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያውቅ ነበር፤ ግን ውሃ ይጠጡ አለኝ።

ገጹ ላይ አርሜያለሁ። እዚህም ላርመው።

በዚህ ደብተር ውስጥ የፈጠርኩት መብራቱን ብቻ ነው። ካልሲው እውነት ነው።